ሰባተኛዋ ዶሮ

«ስምንት ወር ሙሉ ጀርባዬን አጥበሻል፣ የእግር ጥፍሬን ቆርጠሻል። ሩዜን ግን አንድ ቀን ቀምሰሽ አታውቂም። እጄ ይሸታል እንዴ?»

እንዲህ ያሉኝ ዶ አዬ ናቸው፤ ፊት ለፊት፣ ሩዝ የሞላ ማንኪያ ወደ አፌ እንደዘረጉ። «ዶ» በእነሱ ቋንቋ እንደኛ «ወይዘሮ» ማለት ነው። የበርማ ሰው ናቸው፤ ሙስሊም። እዚያ አገር አብዛኛው ሕዝብ ቡድሂስት ነው፤ ሙስሊሙ ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ኦክላንድ ኬርጊቨራቸው ነበርኩ። ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ጠዋት ጠዋት እሄድና አጥባቸዋለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸው ስብርብር፣ የእኔ ከእሳቸው የባሰ ስብርብር። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ስለነበር እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ፣ በሁለት ዓመት አምስት ሥራ የቀያየርኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነበርኩ። አፌም አብሮኝ አያርፍም። ሌላ ሰው ቢሆን «ሆዴን አሞኝ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦

«እጅዎ አይሸትም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እርስዎ ሙስሊም ነዎት። በእኛ አገር እናንተ ያረዳችሁትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እናንተ አትበሉም።»

«ሩዙስ ምን አደረገ?»

«ሩዙ ከሥጋው ጋር ነው የበሰለው።»

«ትጠላላችሁ ማለት ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ሰርግ እንጠራራለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን። የወንድሜ ሰርግ ላይ እኮ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድንኳን ለብቻ ነበራቸው። በጉን ጋሽ ከማል አረዱ፣ ድስቱም ቢላውም ከእነሱ ቤት መጣ። አባቴ አንድ ነገር እንዳይነካካ ብሎ ቀኑን ሙሉ እዚያ ድንኳን በር ላይ ቆሞ ዋለ።»

«ድንኳን ለብቻ» ብለው ደገሙትና ማንኪያውን ራሳቸው ጎረሱት።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። እኔ ወለል እየወለወልኩ ነበር። ዶ አዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ብዙ ቆዩ፤ ሲዘጉት ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከንፈራቸው ግን ይስቃል።

«ቲን ናት» አሉ። «ሳን ሆዜ ናት። በሕይወት አለች!»

ዶ ቲን የድሮ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ቡድሂስት። በርማ ውስጥ በሮቻቸው ፊት ለፊት ነበሩ። ዶ አዬ ዳንባውክ የሚሸጡበት ትንሽ ቤት ነበራቸው። ዳንባውክ ሩዝና ዶሮ በቅመም ታፍኖ አንድ ላይ የሚበስል ምግብ ነው፤ የሙስሊሞች ሙያ ሆኖ ቡድሂስቶቹ ይሞቱለታል። መነኮሳት የሚያበሉ ቀን ራሱ የሚያዝዙት ከዶ አዬ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ድስት ሲበሉ ሃያ ዓመት ኖሩ። በኋላ ክፉ ወሬ ተነሳ። «ሙስሊሞቹ ምግቡ ውስጥ መድኃኒት ይጨምራሉ፣ ሴቶቻችንን ሊያመክኑ ነው» ተባለ። «ከእነሱ አትግዙ» የሚል ወረቀት በከተማው ይለጠፍ ጀመር። የዶ ቲን ልጅ ሚን፣ ያኔ ጎረምሳ ነው፣ አንዱን ወረቀት አምጥቶ እናቱ በር ላይ ለጠፈው። ዶ አዬ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ የሚያዩት እሱን ነው። ዶ ቲን አልለጠፉም። አልቀደዱትምም።

«እሱ ነው ያመመኝ» አሉኝ ዶ አዬ። «ልጅ ነው፣ ለጠፈ። እሷ ግን አልቀደደችውም።»

አሁን ሚን ሳን ሆዜ ቤት ገዝቷል። ቅዳሜ መነኮሳት መጥተው ቤቱን ይባርካሉ። ዶ ቲን በስልክ ያሉት ይህን ነው፦ «ዳንባውኩን አንቺ አብስለሽ አምጪ። መነኮሳቱ ከእጅሽ ይብሉ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ ያን ወሬ የሰማ ሁሉ እያየ፣ ከዚያው ድስት አብረሽኝ ብዪ።»

«ሄደው ይበላሉ?» አልኳቸው።

«አንቺ ትነጂያለሽ?»

«እነዳለሁ።»

«እንግዲያው እበላለሁ። አርብ ስድስት ዶሮ ግዢልኝ።»

ከየት እንደምገዛ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ነገሬን ልብ በሉልኝ። አርብ ጋሪ እየገፋሁ አሰብኩ። ከአንድ ድስት ሲበሉ መኖራቸውን ነግረውኛል፤ በልቤ የቆመው ግን የወንድሜ ሰርግ ድንኳን ነው። የሚበሉት እነማን ናቸው? ቡድሂስቶች። ቡድሂስት ደግሞ የሙስሊም እርድ እንዴት ይበላል? ለእያንዳንዱ የየራሱን ማቅረብ ነው እንጂ ወጉ! እናም ስድስቱን ዶሮ ከተራው ሱፐርማርኬት ገዛሁ። ከዚያ ዶ አዬን አሰብኩና እስከ ሐላል ሥጋ ቤቱ ነድቼ ለእሳቸው አንዲት ዶሮ ለብቻ ገዛሁ። ኩራቴን ብታዩ! አባቴ ድንኳኑ በር ላይ የቆመ ቀን የነበረው ኩራት ነው።

ስድስቱን ቤቴ ወስጄ ገነጣጥዬ ማጠብ ጀመርኩ፤ በሎሚ፣ በጨው፣ ውኃው እስኪጠራ። አብራኝ የምትኖረው ሄለን በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለመነኮሳት።»

«መነኩሴ ዶሮ ይበላል?»

«የእነሱ ይበላል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን እህል አይቀምሱም። የኛ ጾመኛ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ሲጠብቅ፣ እነሱ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ይሯሯጣሉ።»

«ጉድ ነው! እሷ ለብቻዋ ያለችውስ?»

«የዶ አዬ ናት። ሐላል።»

«ጎበዝ» አለች ሄለን፣ የምሯን። «ቀላቅሎ ማብላት ነውር ነው።»

ሁለት ኢትዮጵያውያን ተስማማን። ከዚያ በላይ ማን ይጠየቃል?

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ደረስኩና የእሳቸውን ዶሮ ፍሪጃቸው ውስጥ ከተትኩ። ዶ አዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዘዙ፣ እኔ አማሰልኩ። የታጠበውን ዶሮ ሲያዩ «እንዲህ ንጹሕ ዶሮ በሕይወቴ አላየሁም» አሉ። ጨው አይቀምሱም፤ ክዳኑን ከፈት አድርገው ያሸቱና «አሁን» ይላሉ፣ በቃ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አሰርኩለት። ዶ አዬ አረንጓዴ ሐር ለብሰዋል፣ ሽቶ ሽቶ ይላሉ። ወደ ኤይት ኤይቲ ፍሪዌይ ገባን።

መንገዱ ክፍት ነበር። ዶ አዬ ያንጎራጉራሉ። ሄይዋርድን እንዳለፍን ድንገት፦

«ፍሪጅ ውስጥ አንዲት ዶሮ አየሁ። ሰባት ነው እንዴ የገዛሽው? ለምን አብረሽ አልጨመርሻትም?»

«እሷማ የእርስዎ ናት» አልኩ ደስ ብሎኝ። «ከሐላሉ ቤት። ድስት ውስጥ ያሉት የእነሱ ናቸው፣ ከሱፐርማርኬት።»

ማንጎራጎሩ ቆመ።

መንገዱን እያየሁ በጎን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ፊት ለፊት ያያሉ።

«ስለዚህ እኔ ከዚህ ድስት አልበላም» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብለው።

«ለእርስዎ እኮ ለብቻ…»

«ልጄ፣ የምሄደው ለብቻ ለመብላት ነው? አርባ ሰው ፊት ድስት ይዤ እገባለሁ። ሁሉም ይበላል። እኔ አልበላም። ምን የሚሉ ይመስልሻል?»

ያኔ ነው የገባኝ። አብስላ አምጥታ ራሷ የማትቀምስ ሙስሊም! ያ ሁሉ ዓመት ያወሩባቸውን ወሬ በገዛ እጄ እውነት አድርጌ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ቀበቶ አስሬ እየወሰድኩላቸው ነው።

«ወደ ቤት መልሺኝ» አሉ።

«አልመልስዎትም።»

«አንቺ ልጅ!»

«ከሄዱ ያፍራሉ፣ ከቀሩ ደግሞ ቀረች ይባላል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ገብቼ እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እንደሆነው።»

ጉልበታቸው ደህና ቢሆን ኖሮ ከመኪናው የሚዘሉ ይመስለኛል።

ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲል ሳን ሆዜ ደረስን። በሩ ላይ የጫማ ክምር አለ፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ትዝ አለኝ። ፓርክ ሳላደርግ ዶ ቲን ወጡ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጸጉራቸው ላይ አበባ የሰኩ። ሁለቱ አሮጊቶች በጓሮ በር በኩል ተያይዘው ወጥ ቤት ገቡ፤ ሲላቀሱ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዷ የሌላዋን መጨማደድ ስትዳስስ። እኔ ድስቱን ተሸክሜ ቆሜያለሁ።

ድስቱን አስቀመጥኩና በዚያው ቁና ቁና እየተነፈስኩ ተናገርኩ። ዶሮውን፣ ሱፐርማርኬቱን፣ ሰባተኛዋን ዶሮ፣ የወንድሜን ሰርግ፣ የጋሽ ከማልን በግ፣ ሁሉንም። እንግሊዝኛዬ ሲያልቅ በእጄ ድንኳን ሠርቼ አሳየሁ፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ።

ዶ ቲን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እናንተ ጎረቤታሞች ሆናችሁ ለየብቻ ትበላላችሁ?»

«ሥጋውን፣ አዎ።»

«ከዚያስ ትጣላላችሁ?»

«አንዳንዴ» አልኩ፤ መዋሸት አልፈለግኩም። «ግን ሰው ሲሞት እንቀባበራለን።»

ዶ ቲን ወደ ዶ አዬ ዞሩ። «እኛ ሃያ ዓመት ከአንድ ድስት በልተን እንኳ እኔ አንዲት ወረቀት መቅደድ አቃተኝ» አሉ።

ከሳሎን የእንግዳ ድምፅ ይሰማል። ያኔ በሩ ተከፈተና ሚን ገባ። አርባ የሚሆነው፣ ወፈር ያለ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው። ዶ አዬን ሲያይ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አክስቴ…» ብሎ እዚያው ቀረ።

እናቱ በቋንቋቸው ፈጠን ፈጠን አድርገው ነገሩት። እኔ «ሐላል» የምትለዋን ቃል ብቻ ለየሁ። ሚን ጭንቅላቱን አከከ። እናቱን አየ፣ ዶ አዬን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዶ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ የታሰረ ከረጢት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የዶሮ ጭን ነው። ከረጢቱ ላይ የሥጋ ቤቱ አረንጓዴ ማኅተም አለ፤ «ሐላል» ይላል።

ዶ ቲን መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን አነበቡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነው፣ እማ።»

«እሱማ ዶሮ ነው! ከየት?»

«ከሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት። ሁልጊዜ የምገዛው ከዚያ ነው… ሥጋቸው ትኩስ ነው።»

«ስንት ጊዜህ ነው?»

«ከመጣን ጀምሮ» አለ ሚን፣ ወለሉን እያየ።

መጀመሪያ የሳቁት ዶ አዬ ናቸው። ሳቁ ከሆዳቸው ተነስቶ ትከሻቸውን አናወጠው። «አትግዙ ያለው እኮ እሱ ነው!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ቲን፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ያበላሽ የእኛን ነው! እንግዲህ ልጅ ባትወልጂ እኔ የለሁበትም!» ዶ ቲን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጠረጴዛውን ተደግፈው ሳቁ፤ ሚንም ሳቀ፤ እኔም ምን እንደሆነ በደንብ ሳይገባኝ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ግን አይስቅም። አምስት ሰዓት ከአሥር ሆኗል።

«መነኮሳቱም ከዚሁ መብላት አለባቸው» አሉ ዶ አዬ። «እነሱ ካልበሉበት ያው ለብቻዬ መብላቴ ነው።»

«መጥበሻዎቹ ውስጥ አሳማ ገብቶባቸዋል» አሉ ዶ ቲን ተጨንቀው። ሚን ሮጦ ለቤቱ ምረቃ የመጣ ስጦታ አመጣ፤ ካርቶኑ ያልተከፈተ መጥበሻ። ካርቶኑን በጥርሴ ቀደድኩት። አዲስ ቢላ፣ አዲስ መክተፊያ። ዶ አዬ ወንበር ሳቡና ምድጃው ፊት ተቀመጡ።

«በትንንሹ ክተፊው! ከዚያም ያንስ! አውራ ጣት የሚያህል አታውቂም?»

«አውቃለሁ!»

«ሚን፣ ሽንኩርት!»

«እሺ፣ አክስቴ።»

ዝንጅብሉ ሲነካው መጥበሻው ጮኸ። ከሳሎን የመነኮሳቱ ጸሎት ይሰማል፤ ዜማው የማይለዋወጥ፣ ረጅም። እንዲራዘምም እንዳይራዘምም ለመንኩ፤ ለማን እንደለመንኩ አልነግራችሁም። አምስት ተኩል ላይ ዶ አዬ ወደ መጥበሻው ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«አሁን።»

ትልቁን ድስት እኔ ተሸክሜ መነኮሳቱ ፊት አስቀመጥኩ። መጥበሻውን ሚን ያዘ። አምስት መነኮሳት ቡናማ ቀይ ልብሳቸውን ተጎናጽፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው አርባ ሰው። ሚን ከአንዱ መነኩሴ ወደ ሌላው በጉልበቱ እየሄደ መጥበሻውን ዝቅ አድርጎ ያዘ፤ ዶ አዬ ክንዴን ተደግፈው በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ከትልቁም ከትንሹም በየራሱ ማንኪያ በእጃቸው አኖሩ። ያን ወረቀት የለጠፈ እጅ ነው መጥበሻውን የያዘው። ሽማግሌው መነኩሴ ከትንሹ ጎረሱ፣ አኘኩ፣ ከዚያ ሳህናቸውን መልሰው ዘረጉ። ድገሙኝ ነው።

ለስድስት አሥር ጉዳይ በልተው ጨረሱ።

ያኔ ዶ ቲን ቆመው ለእንግዳው ሁሉ የሆነውን ተረኩ። አንዲት ቃል አልደበቁም፤ የወረቀቷንም፣ አለመቅደዳቸውንም፣ የልጃቸውን ሥጋ ቤትም። ሚን ላይ ሳቁበት፣ እኔም ላይ ሳቁብኝ። ከዚያ ከትንሹ መጥበሻ ለሁሉም አውራ ጣት የሚያህል ታደለ። ዶ አዬና ዶ ቲን አንድ ሳህን ይዘው መሃል ተቀመጡ፤ ዶ አዬ በሁሉም ፊት ጎረሱ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ዶ አዬ ከዚያ ማዶ ጮኹብኝ፦

«አንቺ! ትልቁ ድስት ያንቺው የሱፐርማርኬት ዶሮ ነው። አሁን ምን ምክንያት አለሽ?»

ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ሁለት ሳህን በላሁ። ስምንት ወር ምን እንዳመለጠኝ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው፤ ተናደድኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወጋችንን ለመንቀፍ የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ። አባቴ ድንኳኑ በር ላይ የቆመው በፍቅር ነው፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ጋሽ ከማልም እንደዚያ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን ዶ አዬ ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቅኩም። ማክበር ማለት ለሰው ማወቅ፣ ለሰው መወሰን ይመስለኝ ነበር። አንዲት ጥያቄ፣ «ከየት ልግዛ?» የምትል፣ አፌ ከማያርፈው ከእኔ አልወጣችም! አሁን እጠይቃለሁ። ሰው እስኪሰለች እጠይቃለሁ። ሥራም አልቀየርኩም፤ ዶ አዬ ጋ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ረቡዕና አርብ ምስር ይሠሩልኛል፤ የትኛው ዘይት እንደሚሆነኝ ጠይቀው። አንድ ቦታ ሁለት ዓመት መቆየት ለእኔ ትንግርት ነው፤ እናቴ በስልክ ስትሰማ «ደህና ነሽ ግን?» ነው ያለችኝ።

ያን ቅዳሜ አሥር ሰዓት ገደማ ልነሳ ስል ዶ አዬ አይሄዱም ተባለ። ዶ ቲን አልጋ አንጥፈውላቸዋል፤ እስከ ሰኞ ያድራሉ። መድኃኒታቸውን በየሰዓቱ ለይቼ ለሚን አስረከብኩ፣ ባዶውን ድስት ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ሞተር ላስነሳ ስል ዶ አዬ በዶ ቲን ክንድ ተደግፈው እያነከሱ መጡና በመስኮቱ ሁለት በፎይል የተጠቀለሉ ነገሮች አቀበሉኝ። ሁለቱም ትኩስ ናቸው።

«ይሄ ከትልቁ ድስት ነው» አሉ። «ይሄ ደግሞ ከትንሹ መጥበሻ፣ መጨረሻ ላይ የቀረው። የትኛውን እንደምትበዪ እኔ አልወስንልሽም።»

ሁለቱንም ተቀበልኩ። አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ ቀበቶ አሰርኩላቸው፣ እጄን አውለብልቤ ወደ ፍሪዌዩ ወጣሁ።